የጉለሌ በቀቀንና አበባ ቀሳሚ ወፍ

የአበባ ወለላ የሚመገቡ ባለ ደማቅ ቀለም በቀቀኖች፣ ሎሪኬት የሚባሉት፣ አገራቸው አውስትራሊያ፣ ኒው ጊኒና በዙሪያቸው ያሉት ደሴቶች ናቸው። የምላሳቸው ጫፍ ብሩሽ መሰል ስለሆነ ወለላውንም የአበባውን ብናኝም ጠርገው ይልሳሉ። እንደ እነርሱ ወለላ የሚመገበው ሌላው በቀቀን፣ ስዊፍት ፓሮት፣ በታስማኒያ ብቻ ይራባል፤ በመራቢያው ወቅት ዋና ምግቡ የነጭ ባህር ዛፍ አበባ ነው። ይኸው ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የእንጦጦንና የጉለሌን ተዳፋት ሸፍኗል። በቀቀኑ ግን አብሮት አልመጣም።

በጉለሌ በቀቀንነትና አበባ ቀሳሚነት የሁለት የተለያዩ ወፎች ነገር ነው። ሁለቱም ለሳይንስ የተዋወቁት በአንድ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1814 በታተመው የእንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የጉዞ ዘገባ አባሪ ላይ መሆኑ ያስደንቃል። በሳይንሳዊ ስማቸው አንደኛው የታራንታን ተራራ፣ ሌላው የተከዜን ወንዝ ስም ይዘዋል።

ባለ ጥቁር ክንፉ ትንሽ በቀቀን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍታዎች ሌላ የትም አይገኝም። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መልኩ አረንጓዴ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ የክንፉ ውስጥ ጥቁር። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ብቻ ነው። የጽድ ፍሬ፣ ሾላና የተለያየ ዘር ይበላል፤ የሚያድረውም የሚፈለፍለውም በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው።

ወለላውን የሚቀስመው የተከዜው ወፍ ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስታርፍበት ግን ወይን ጠጅና ነሐስማ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ከጅራቱ መሃል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። ሴቷ ደብዛዛ ቡናማ ናት። ቀጭኑ ቆልማማ ምንቃር እንደ ራስ ክምርና እሬት ያሉ ቱቦ መሰል አበቦች ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ቱቦ መሰሉ ምላስም ወለላውን ይስባል። ወፉ አብዛኛውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ነው የሚቀስመው። ግንባሩ ላይ የተጣበቀው ብናኝ ወደሚቀጥለው አበባ ይሻገራል፤ እጽዋቱ ዘር እንዲይዙ ያግዛል። ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ግን በወለላ ብቻ አይደለም፤ ነፍሳትና ሸረሪት ያድንላቸዋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ባህር ዛፉን በአገር በቀል እጽዋት እየተካ ነው። ይህ ለሁለቱም ወፎች መልካም ቢሆንም እኩል ፈጥኖ አይደርስላቸውም። ራስ ክምር ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ያብባል፤ ጽድ ግን በቀቀን የሚያድርበት ሽንቁር እስኪያወጣ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ በአካባቢው የቀሩት ያረጁ ዛፎች ለበቀቀኑ ምትክ የላቸውም።