እውነት ወይስ ተረት? «የኤርባግ መብራት ከበራ ሴንሰሩ ተበላሽቷል»

«ሴንሰሩ ነው፤ ይቀየር።» በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ መኪና የሚይዝ ሰው ይህን ፍርድ ሳይሰማ አይቀርም። ቀዩ የኤርባግ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ አልጠፋ ሲል አንዱ ጎረቤት «ተወው፣ መኪናው ይሄድ የለ?» ይላል፤ ሌላው ሶማሌ ተራ ደውሎ የሴንሰር ዋጋ ያጣራል። ሁለቱም ለእርስዎ በቅን አስበው ነው። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል።

መኪናውማ ይሄዳል። ኤርባግ የራሱ ኮምፒውተር ያለው ሥርዓት ነው፤ ኮምፒውተሩም በአብዛኞቹ መኪኖች በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል፣ ማርሹ አካባቢ ወለሉ ላይ ታስሮ ይገኛል። ቁልፍ ሲከፈት መብራቱ 6 ሰከንድ ያህል በርቶ የሚጠፋው ይህ ኮምፒውተር መስመሮቹን ፈትሾ ሲጨርስ ነው። ካልጠፋ የጎደለ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። እንደ መኪናው ዓይነት አንዱ ኤርባግ ወይም ሁሉም ከሥራ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚወጥረው መሣሪያም አብሮ ሊቀር ይችላል። «ምንም አይደል» የሚለው ሐሳብ ዕድሜ ያገኘው ጉድለቱ በየቀኑ ስለማይሰማ ነው። ፍሬን ሲደክም እግር ያውቀዋል። ኤርባግ የሚፈለገው ግን በዕድሜ አንዴ ቢሆን ነው፤ ያን ጊዜም ግጭቱን ለይቶ ከረጢቱን ለመንፋት ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው።

ዋናው ተረት ከጋራዥ የሚመጣው ነው። «ኮምፒውተር አስነብቤ የፊት ቀኝ ሴንሰር አለኝ» ይላሉ። መሣሪያው አልዋሸም። ኮዱ የሚለው ግን «በዚያ መስመር ተገቢውን መልስ አላገኘሁም» ብቻ ነው፤ መልሱ የት እንደጠፋ አይናገርም። በመስመሩ ላይ ሴንሰሩ አለ፣ ሶኬቱ አለ፣ ከኮፈን ስር እስከ ወለሉ የሚዘልቅ ሽቦ አለ፣ ኮምፒውተሩ ራሱም አለ። የፊት ሴንሰሮች የሚታሰሩት ከፓራውልቱ ኋላ፣ ራዲያተሩ አካባቢ ነው። ክረምቱን ከሰበታ አስፋልት ወደ ውስጥ በሚገቡት ኮረኮንቾች ወይም በሱሉልታ ጭቃ የሚመላለስ መኪና ያን ቦታ ውሃና አፈር ሲመታው ይከርማል። ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ፤ አይጥ የበላው ሽቦም ይገጥማል። ሴንሰሩ ግን የታሸገ ዕቃ ነው፤ ሳይገጭ በራሱ የሚሞትበት ጊዜ ሶኬትና ሽቦ ከሚበላሹበት ያነሰ ነው።

ታዲያ ሴንሰር ያስቀየረው ሰው መብራቱ እንዴት ጠፋለት? ተረቱን በሕይወት ያቆየው ይህ ነው። አሮጌው ሲነቀልና አዲሱ ሲሰካ ሶኬቱ ይፋቃል፤ ዝገቱ ለጊዜው ለቆ ግንኙነቱ ይመለሳል። ባለመኪናው የገዛውን ዕቃ ያመሰግናል፣ ለጎረቤቱም ይመክራል። ዝናቡ ሲመጣ መብራቱ ከተመለሰ ደግሞ «ኦሪጅናል አልነበረም» ተብሎ ሌላ ሴንሰር ይገዛል።

ጭራሽ ከሴንሰር ጋር የማይገናኘውም ብዙ ነው። ከፊት ወንበሮች ስር ቢጫ ሶኬት አለ፤ ቢጫ የኤርባግ መስመር መለያ ቀለም ነው። ላቫጆ ወንበሩን ወዲያ ወዲህ ገፍተው ሲያጸዱ ወይም ስሩ ዕቃ ሲታጨቅ ይላላል። መሪው ውስጥ ደግሞ መሪ በዞረ ቁጥር የሚጠቀለልና የሚፈታ ጠፍጣፋ ገመድ አለ፤ በዓመታት ብዛት ይበጠሳል። መብራቱ የበራው ክላክሱም እምቢ ባለበት ሰሞን ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። የደከመ ባትሪም ያበራዋል።

«ኮዱን አጥፋልኝ፣ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ጥፋቱ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ በእርግጥ ይጠፋል፣ መኪናው ከጋራዥ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ በሳምንቱ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ላይ መብራቱ ይመለሳል። ደህና ኤሌክትሪሺያን ከማጥፋቱ በፊት ኮዱን ይጽፋል፤ አሁን ያለ ጥፋት ነው ወይስ ያለፈ ብሎ ይለያል፤ ባትሪውን ይለካል። በስልክ የሚሠራው ርካሽ ማንበቢያ ብዙ ጊዜ የሞተርን እንጂ የኤርባግን ኮድ ስለማይደርስበት በምን እንደሚያነብ ይጠይቁት። ከዚያ ቁልፉን አጥፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፈታል። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ ያስፈልጋል ይላል፤ ባትሪው ቢፈታም ኮምፒውተሩ ኤርባጉን ለማፈንዳት የሚበቃ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ያቆያልና። ቀጥሎ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ያያል። የግራውና የቀኙ ሴንሰር የዕቃ ቁጥር አንድ ከሆነ ያቀያይራቸውና ኮዱን አጥፍቶ እንደገና ያነባል፤ ጥፋቱ ሴንሰሩን ተከትሎ ወደ ግራ ከሄደ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው፣ በቀኝ ከቀረ መስመሩ ነው። ለዚህ ፍተሻ የሚገዛ ዕቃ የለም። ፈጽሞ የማይደረገው ኤርባጉ ራሱ ላይ ቴስተር መሰካት ነው፤ የቴስተሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ መብራቱን አፍኖ «ተሠርቷል» ማለት ነው። አንዳንዱ አምፖሉን ይነቅላል፤ አንዳንዱ ከዘይት መብራት ጋር አገናኝቶ አብሮ እንዲጠፋ ያደርጋል፤ በፈነዳ ኤርባግ ፋንታ ሬዚስተር ገጥሞ ኮምፒውተሩን የሚያታልልም አለ። መኪና ሲገዙ ቁልፉን ይክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አያስነሱ። መብራቱ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሳይነሳም በራሱ ጊዜ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ፣ ወይም ሞተሩ ሲነሳ ከዘይቱ መብራት ጋር እኩል ከጠፋ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያስመርምሩ። ሬዚስተሩን ግን በዚህ መንገድ አያገኙትም፤ የሚያውቅ ባለሙያ የመሪውን ክዳን ፈትቶ ማየት አለበት።

«ጉድጓድ ስገባ ይፈነዳብኛል» ብሎ ፊውዙን የሚያወጣም አለ። የፊት ኤርባግ በጥቅሉ የሚከፈተው መኪና በሰዓት ከ13 እስከ 23 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከማይነቃነቅ ግድግዳ ጋር ሲላተም ከሚደርሰው ምት ጀምሮ ነው። ኮምፒውተሩ የምቱን ብርታትም ቆይታም ያመዛዝናል። ጉድጓድ ጎማውን ይመታል እንጂ መኪናውን በቅጽበት አያቆመውም። በተቃራኒው «ተጋጭቶ አልተከፈተም፣ ሴንሰሩ ሞቷል» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከኋላ ለተመታ መኪና የፊት ኤርባግ አልተሠራም። በጅማ መንገድ ቪትዝ ከቆመ ሲኖትራክ ስር ሲገባ ደግሞ ምቱ የሚያርፈው ከሴንሰሮቹ በላይ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ ደህና ሆኖም ኤርባጉ ሊዘገይ ወይም ላይከፈት ይችላል።

«መብራቱ ከጠፋ ሁሉ ሰላም ነው» የሚለው ከሁሉ ይልቅ ለማመን የሚቀለው ነው። መብራቱ የኤሌክትሪክ መስመርን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከባትላሜራ የወጣ መኪና ሴንሰሩ በጠማማ ብረት ላይ ወይም በሽቦ ታስሮ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ስላልተቋረጠ መብራቱ ይጠፋል፣ ሴንሰሩ ግን ምቱን ዘግይቶ ወይም አዛብቶ ይሰማል። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ላይ ወደ መኪናው ፊት የሚያመለክት ቀስት አለ፤ ፓራውልቱ ሳይገጠም ይህን በዓይንዎ ይዩ። የተጋጨ መኪና ሴንሰር ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መግጠምም ያው ነው፤ ሴንሰሩ ያለፈበትን ምት መብራቱ አይቆጥርም።

የታካታ ጉዳይም አለ። የዚህ የጃፓን ኩባንያ ኤርባግ የሚነፋበት ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል፤ ሲፈነዳም ቤቱን ሰብሮ የብረት ስብርባሪ ይረጫል። በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲህ ያሉ መንፊያዎች እንዲቀየሩ ተጠርተዋል፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሠረ። ከተጠሩት መካከል እኛ የምንነዳቸው የቪትዝና የኮሮላ ሞዴሎች አሉ። መብራቱ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግርዎትም፣ ስካነሩም አይነግርዎትም። የሻንሲ ቁጥርዎን ከሊብሬው ላይ ይውሰዱና በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡት፣ ወይም ቶዮታ ከሆነ ወኪሉን ሞኤንኮን ይጠይቁ።