እርሾው እኛ ጋ ቀረ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴንና ልጄን ይዤ ከሳን ሆዜ ወደ ናፓ ስሄድ፣ ለቁርስ ኦክላንድ ቆምን። አንዲት ትንሽ ዳቦ ቤት አገኘን። እናቴ ኮምጠጥ ያለውን ዳቦ ቀመሰችና፣ «ይሄማ የእርሾ ዳቦ ነው!» አለች።

እውነቷን ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ከ1849ኙ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ጀምሮ የታወቀችበት ይህ ዳቦ፣ ልክ እንደ እንጀራ፣ ከቀድሞው ሊጥ በሚተርፍ እርሾ ይቦካል።

ናፓ ደርሰን በወይን እርሻው መሃል ስንዞር፣ እናቴ ስለ ጠጅ አወራችን፦ ማር፣ ውሃ፣ ጌሾ፣ ከዚያ ትዕግሥት።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙም አትናገርም። ማታ ግን ቤት ስንገባ፣ «እማማ፣ እርሾ አሳዪኝ» አለቻት። አብረው ጤፍ አቦኩ።

እናቴ ነገ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች። እርሾው ግን እኛ ጋ ይቀራል፤ የምትጠብቀውም ልጄ ናት።