አንዲስን መሻገር፦ የቲኬት ዋጋና የመንገድ ዋጋ ለየቅል ናቸው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2018 በሳኦ ፓውሎ በኩል ወደ ቦነስ አይረስ መብረር ከጀመረ ወዲህ ደቡብ አሜሪካ ለአገራችን ነጋዴ ቀረብ ብላለች። እዚያ የደረሰ ሰው አርጀንቲናንና ጎረቤቷን ቺሊን በአንድ ጉዞ ማዳረስ ይፈልጋል። ታዲያ በምን ይሂድ?

ባቡርን ከሂሳቡ እናውጣ። የአርጀንቲናዋን ሜንዶዛ ከቺሊዋ ሎስ አንዴስ የሚያገናኘው ሐዲድ በ1910 ቢከፈትም፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በሁለቱም ጫፍ የሚቀበሉት ሐዲዶች ደግሞ ከ1 ሜትር ከ60 በላይ ስለነበሩ ተሳፋሪም ጭነትም ሁለት ጊዜ መገላበጥ ግድ ሆነበት። ተሳፋሪ ማመላለስ በ1979፣ ጭነት በ1984 ቆመ። በ1980 የተከፈተው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የክሪስቶ ሬደንቶር የመኪና ዋሻ ገበያውን ለአውቶቡስና ለከባድ መኪና አስረከበ።

ከሳንቲያጎ እስከ ሜንዶዛ በመኪና 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡስ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው ጊዜ የሚያልፈው በኬላ ነው። ወደ ቺሊ የሚገባ መንገደኛ ሻንጣው ይፈተሻል፤ ፍራፍሬ ወይም ሥጋ ሳያስመዘግብ ከተገኘበትም ይቀጣል። አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የኤርፖርቱ ወረፋ ሲታከልበት ግን ግማሽ ቀን ይሆናል። ስለዚህ በአውሮፕላን የሚተርፈው ሦስት ወይም አራት ሰዓት ብቻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሁለቱን ቲኬቶች የዋጋ ልዩነት ለተረፈው ሰዓት ማካፈል። የመንገደኛው የሰዓት ገቢ ከውጤቱ ከበለጠ ውድ የመሰለው አውሮፕላን ርካሽ ነው።

ይህ ስሌት የሚፋለሰው በክረምት ነው። በዚያ አገር ክረምቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው መተላለፊያ በበረዶ ምክንያት አንዳንዴ ለቀናት ይዘጋል። የውል ፊርማ ቀን የተቆረጠለት ሰው በእነዚህ ወራት በአውቶቡስ ቲኬት ያተረፈውን በሆቴል ሂሳብና በታጠፈ ቀጠሮ ሊከፍለው ይችላል።

በአገር ውስጥ ጉዞም ሁለቱ ይለያያሉ። ቺሊ ቀጭንና ረጅም በመሆኗ አብዛኛው መንገደኛ የሚመላለሰው በአንድ አውራ ጎዳና ነው፤ የሌሊት አውቶቡስ አልጋ መሰል ወንበር ይዞ የአንድ ቀን የሆቴል ወጪ ያስቀራል። ከሳንቲያጎ እስከ ቺያንም ከ2024 ጀምሮ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር መጓዝ የሚችሉ ባቡሮች አሉ። አርጀንቲና ግን ሰፊ ናት፤ በረራዋም በአመዛኙ ቦነስ አይረስን የሚረግጥ ነው። ከተማዋ ሁለት ኤርፖርት ስላላት፣ ኤሴይሳ ወርዶ ከኤሮፓርኬ የሚነሳ መንገደኛ በመካከሉ በቂ ሰዓት ካልያዘ በረራው ያመልጠዋል።

በመጨረሻም የፔሶው ነገር አለ። የአርጀንቲና የዋጋ ንረት በ2023 ከ200 በመቶ በልጧል። በመሆኑም ከወራት በፊት በፔሶ የተሰማ የአውቶቡስ ዋጋ ለበጀት መነሻ አይሆንም፤ በጀቱን በዶላር ይዞ ዋጋውን በመነሻው ሰሞን ማጣራት ያዋጣል። በአጭሩ፣ በበጋ ጊዜ ያለው በአውቶቡስ ይሻገር፤ በክረምት ቀጠሮ ያለው ይብረር።