የጓዳው ትርፍ ጋራዥ ሲገባ

ጥሩ አስተዳዳሪ ያለበት ቤት ከአስቤዛ ላይ ገንዘብ ማትረፍ አያቅተውም። ጤፍን በየሳምንቱ በኪሎ ከመሸመት፣ አዲሱ እህል በብዛት ገበያ በሚወጣባቸው በታኅሣሥና በጥር ወራት በኩንታል ገዝቶ ማስቀመጥ አንዱ ዘዴ ነው። በርበሬና ሽሮን ቤት አዘጋጅቶ ወፍጮ ቤት መላክ፣ ዘይትና ስኳርን ከሸማቾች ማኅበር መውሰድ፣ ለልጆች ምሳ ማስቋጠር ሁሉም የየራሳቸው ትርፍ አላቸው። ትርፉ ግን በየወሩ በትንሽ በትንሹ የሚጠራቀም ነው።

በር ላይ መኪና የቆመበት ቤት ሌላም ሒሳብ አለበት። የመኪና ወጪ እንደ አስቤዛው በየሳምንቱ አይመጣም። ወራት ዝም ብሎ ይከርምና በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ብር ይጠይቃል። የስድስት ወር ቁጠባ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ይገባና «ያልታሰበ ወጪ መጣብን» ይባላል። ነገሩ በጥሞና ሲታይ ግን የአብዛኛው ወጪ ቀኑ አይታወቅ እንደሆነ እንጂ መምጣቱስ የታወቀ ነው።

የመኪና ወጪ በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ተቆርጦለት የሚመጣው ነው። ዓመታዊው ምርመራና ቦሎ፣ እንዲሁም በዐዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን እዚህ ይመደባሉ። ይህ መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለባለቤቱ መኪና ጥገና አይከፍልም። ሁለተኛው በኪሎ ሜትር የሚመጣው ሲሆን የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ፍሬን ሸራና ጎማ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሦስተኛው እውነተኛው ድንገተኛ ነው፤ ግጭት፣ ስርቆት፣ በመንገድ ላይ የሚፈነዳ ጎማ።

ቤተሰብን የሚያናጋው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ሳይሆን ችላ የተባለው ሁለተኛው ነው። ከራዲያተር ቱቦ ጠብ የምትል ውሃ በጊዜ ካልተያዘች ሞተሩ ይግላል። ሙቀቱ ሲበረታ ጋስኬቱን ያቃጥላል፣ ቴስታታውንም ያጣምማል። በአንድ ቱቦ ዋጋ ሊያልቅ የነበረው ጉዳይ ሞተር ወደ ማስወረድ ይሄዳል። ያለቀ ፍሬን ሸራም ዲስኩን እየፋቀ ወጪውን እጥፍ ያደርጋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አነጋገር ለመኪናም ይሠራል።

ለስሌት ያህል አንድ ቤተሰብ ከአስቤዛ ላይ በወር 2,500 ብር አተረፈ እንበል። በሌላ በኩል የመኪናው 4 ጎማዎች 38,400 ብር ቢፈጁና 4 ዓመት ቢያገለግሉ ለወር 800 ብር ይደርሳል። ባትሪው 10,800 ብር ሆኖ 3 ዓመት ቢቆይ 300 ብር ነው። በየስድስት ወሩ ለዘይትና ለፊልትሮ 6,000 ብር ቢወጣ በወር 1,000 ብር ይሆናል። ቦሎና መድን በዓመት 9,000 ብር ቢሆኑ 750 ብር፣ ለሁለት ዓመት የሚያገለግል የ7,200 ብር ፍሬን ሸራ ደግሞ 300 ብር። ድምሩ በወር 3,150 ብር ነው፤ ያውም ነዳጅ ሳይቆጠር። ቤተሰቡ 2,500 ብር አተረፍኩ ሲል በእርግጥ ከመኪናው ጋር በወር የ650 ብር ጉድለት አለበት። ጉድለቱ የማይታየው ሒሳቡ ስላልደረሰ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ሁለቱ ኪሶች የሚከተሉት ገበያ የተለያየ ነው። ጤፍና ሽሮ በአገር ውስጥ አዝመራ ሲወጡና ሲወርዱ፣ መለዋወጫና ጎማ የዶላርን ዋጋ ይከተላሉ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመታወጁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከአንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙዎች ግድ ሆኗል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ለጎማ የተቀመጠ ብር ዘንድሮ ጎማውን ላይገዛ ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የመኪናውን የወር ድርሻ ከአስቤዛው ገንዘብ ለይቶ በሌላ የቁጠባ ደብተር ማስቀመጥ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንድ ወር የሚከብደው ወጪ ለ12 ወር ሲከፋፈል ይቀላል። እቁብ ያለው ሰውም ዕጣው ሲደርሰው ከፊሉን ለጎማ ወይም ለባትሪ ቢመድብ ያዋጣል። ሁለተኛ፣ ድርሻው በዓመት አንድ ጊዜ በወቅቱ የመለዋወጫ ዋጋ ይታረም።

ሦስተኛ፣ በቅርቡ እንደሚያስፈልግ የታወቀውን ፊልትሮና ፍሬን ሸራ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ከዋጋ ጭማሪ ያድናል። ጎማና ባትሪ ግን ተቀምጠውም ያረጃሉ። ጎማ ሲገዛ በጎኑ የታተሙትን አራት አኃዞች ማየት ይገባል። 3523 የሚል ከሆነ በፈረንጆች 2023 ዓ.ም. በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ተበልቷል።

ድርሻው ተሰልቶ የቤቱ ትርፍ አልሸፍነው ካለ ደግሞ፣ መኪናዋን በሳምንት ጥቂት ቀን ማሳረፍ ወይም ከነጭራሹ መሸጥ ቁጭ ተብሎ ሊመከርበት ይገባል። ይህ ምክክር ጋራዥ ደጃፍ ላይ፣ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ በእጅ ተይዞ ከሚደረግ ዛሬ ቤት ውስጥ ቢደረግ ይሻላል።