ጥቁር ለባሾቹ የላይፕዚግ እንግዶች

በምዕራባውያን አቆጣጠር የጰራቅሊጦስ በዓል ሲደርስ በጀርመን አገር በላይፕዚግ ባቡር ጣቢያ የቆመ መንገደኛ የሚያየው ነገር ሊያስደነግጠው ይችላል። ከየባቡሩ የሚወርደው ሕዝብ ከባርኔጣው እስከ ጫማው ጥቁር የለበሰ ነው። ወንዱም ሴቱም ዓይኑን ተኩሏል፤ ፊቱን እንደ ኖራ አንጥቷል። አንዱ ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ ከዘራ ይዟል፤ ሌላይቱ ቅድመ አያቷ ትለብሰው የነበረውን ዓይነት ዘርፋፋ ቀሚስ መሬት ለመሬት ትጎትታለች። ነገሩን የማያውቅ ሰው የአንድ ታላቅ መስፍን ቀብር አለ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን የሞተ ሰው የለም። እነዚህ «ጎት» የሚባሉት ናቸው፤ የመጡትም ሙዚቃ ሊሰሙና ዓመት ሙሉ የናፈቁትን ወዳጅ ሊያገኙ ነው።

ስሙ ረጅም መንገድ ተጉዟል። ጎቶች በ410 ዓ.ም. ሮማን የዘረፉ የጀርመን ነገድ ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሺህ ዓመት በኋላ የኢጣልያ ሊቃውንት ሾጣጣ ቅስት ያላቸውን የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች «የጎት ሥራ» እያሉ ይነቅፉ ጀመር፤ የአረመኔ ሥራ ማለታቸው ነበር። ሆራስ ዋልፖል የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ በ1764 ዓ.ም. ስለ አንድ አስፈሪ ግንብ ልብ ወለድ አሳትሞ በሁለተኛው እትም «የጎት ታሪክ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ ጨለማ፥ ፍርስራሽና መንፈስ የሚገኝበት ታሪክ ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ።

ሙዚቃው ግን የትናንት ልጅ ነው። በ1979 ዓ.ም. ከኖርዝሃምፕተን የተነሡ ባውሃውስ የተባሉ አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች «ቤላ ሉጎሲ ሞቷል» የሚል ርእስ ያለው አንድ ሸክላ አወጡ። ቤላ ሉጎሲ በ1931 ዓ.ም. ፊልም ድራኩላን ሆኖ የተጫወተው ሀንጋሪያዊ ተዋናይ ነው። ዘፈኑ ከዘጠኝ ደቂቃ ይበልጣል፤ ዘፋኙም ድምፁን የሚያሰማው ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ከበሮው ቀስ ብሎ ይመታል፤ ቤዝ ጊታሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌላው ጊታር በባዶ አዳራሽ እንደሚያስተጋባ ኮቴ ይሰማል። በጊዜው የራዲዮ ጣቢያዎች የሦስት ደቂቃ ዘፈን ይመርጡ ስለነበር ይህን ያህል ማስጠበቅ ድፍረት ነበር። ሱዚና ባንሺዎቿ፥ ኪዩር የተባለው ባንድ፥ እንደዚሁም ከሊድስ ከተማ የመጡት ሲስተርስ ኦቭ ሜርሲ መንገዱን አሰፉት። እነዚህ የመጨረሻዎቹማ ከበሮ መቺ በመቅጠር ፈንታ ከበሮ የሚመታ መኪና ገዝተው እንደ ሰው «ዶክተር አቫላንሽ» የሚል ስም አወጡለት። በ1982 ዓ.ም. በለንደን ሶሆ ሰፈር ባትኬቭ፥ ማለት «የሌሊት ወፍ ዋሻ»፥ የሚባል የዳንስ ምሽት ተከፈተ፤ አለባበሱም በይበልጥ ከዚያ ወጣ።

ይህ ሙዚቃ የበርሊንን ግንብ ተሻግሮ ምሥራቅ ጀርመን መግባቱ የሚያስገርም ነው። የምዕራቡን ሸክላ ማግኘት ቸግሮ ስለነበር ወጣቶቹ ሌሊት ከምዕራብ ራዲዮ በካሴት እየቀዱ ይቀባበሉ ነበር። ሕዝቡ ከመቃብር ጋር አያይዞ «ግሩፍቲ» አላቸው፤ የመንግሥቱ የስለላ መሥሪያ ቤት ሽታዚም መዝገብ ከፈተባቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በፖትስዳም ለመሰብሰብ ቢሞክሩ አልተሳካም። ግንቡ በ1989 ዓ.ም. ፈረሰና በ1992 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች በላይፕዚግ ያለ ከልካይ ተገናኙ። ዛሬ በበዓሉ የሚገኘው ሰው ሃያ ሺህ ገደማ ይደርሳል።

በ2000 ዓ.ም. ግን በዓሉ ሊጠፋ ነበር። አዘጋጆቹ ገና በዓሉ ሳያልቅ ከሰሩ፤ ደመወዝ ያላገኙ ሠራተኞችና ዘበኞች ሥራቸውን ትተው ሄዱ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያለ ጠባቂ ቀረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘረፋና ድብድብ መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን እንግዶቹ ራሳቸው ሥርዓት ያስከብሩ ጀመር፤ ከሙዚቀኞቹም አንዳንዶቹ ያለ ገንዘብ ተጫወቱ። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ በሌሎች አዘጋጆች እጅ ተደረገ።

ሌላው ቦታ ሁሉ ግን ላይፕዚግ አይደለም። በነሐሴ 2007 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በቤከፕ ከተማ አንዲት የ20 ዓመት ወጣትና ወዳጇ ሌሊት በመናፈሻ ሲያልፉ ጎረምሶች ደበደቧቸው። ወጣቷ መሬት የወደቀውን ወዳጇን ጭንቅላት በእቅፏ ይዛ ስትከላከል በእግራቸው መቷት። እሱ ተረፈ፤ እሷ በ13ኛው ቀን ሞተች። ሰርቀው ወይም ተሳድበው አልነበረም፤ ዳኛውም የተመቱት በመልካቸው ከሌላው በመለየታቸው ብቻ መሆኑን በችሎት ተናገረ። እናቷ በልጇ ስም ድርጅት አቁማ በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ማስተማር ጀመረች። በ2013 ዓ.ም. የማንቸስተር አካባቢ ፖሊስ እንዲህ ያለውን ጥቃት በዘርና በሃይማኖት ጥላቻ ከሚፈጸመው ጋር አብሮ ሊመዘግብ ወሰነ፤ በእንግሊዝም ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ፖሊስ እርሱ ነው። አንድ ሰው ዓይኑን ስለተኳለ ሕግ ጥበቃ ያስፈልገዋል ወይ ብሎ የሚስቅ ቢኖር፥ የቤከፕን መናፈሻ ያስታውስ።

በላይፕዚግ የበዓሉ ቲኬት ለትራምም ያገለግላል። ስለዚህ ከባሕ በ1723 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ከቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስከ ከተማው ዳር ድረስ ጥቁር ለባሹ ከገበያተኛው ጋር ተጨናንቆ ይሄዳል። በበዓሉ ዐርብ ቀን በክላራ ዜትኪን መናፈሻ በሣር ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ሻይና ኬክ ይቀርባል፤ በ1980ዎቹ ወጣት የነበሩት አሁን ሽበታቸውን በባርኔጣ ሸፍነው ጥቁር ያለበሷቸውን የልጅ ልጆች ይዘው ይቀመጣሉ። የከተማው ሰዎችም ፎቶግራፍ ማንሻቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ እነዚያም ከወንበራቸው ተነሥተው ቀሚሳቸውን አስተካክለው ይቆሙላቸዋል።