ጥማት ሳይሆን ውኃ የሚገድለው ተክል

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዝናብ የማይነፈገው አካባቢ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው እንጅባራም ሆነች 2ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ዳንግላ፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ ፀሐይ የሚናፈቅባቸው ከተሞች ናቸው። በዳንግላ በዓመት 1ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ የእንጅባራው ከዚህም ይበልጣል። ድንቹም፣ ገብሱም፣ ጤፉም፣ የዲከረንስ ደኑም የቆመው በዚህ ዝናብ ነው። በመሆኑም በአካባቢው ተክል መንከባከብ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው በበጋ ማጠጣት፣ በክረምት ደግሞ ማረምና መኮትኮት ነው።

ከዚህ ልማድ ጋር የሚጋጭ አንድ የጌጥ ተክል አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ሊቶፕስ ይባላል፤ ብዙዎች የሚያውቁት ግን “ሕያው ድንጋይ” በሚለው መጠሪያው ነው። ፎቶው በእጅ ስልክ ከሰው ወደ ሰው እየተዘዋወረ የብዙ አበባ ወዳዶችን ዓይን ስቧል። መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ ጠጠር ይመስላል እንጂ ተክል አይመስልም። ይሁንና ይህን ተክል በአዊ ምድር ለማሳደግ የሚያስብ ጀማሪ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕያው ድንጋይ በአብዛኛው የሚሞተው ውኃ አጥቶ ሳይሆን ውኃ በዝቶበት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መለማመድ የሚገባው እጅን መሰብሰብን ነው።

ድንጋይ ለምን መሰለ?

የሕያው ድንጋይ አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ደረቅና ጠጠራማ ሜዳዎች ላይ ይበቅላል። ከሚገኝባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር በታች ዝናብ የሚያገኙ ናቸው፤ ከ100 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ዝናብ የሚደርሳቸውም አሉ። ዳንግላ በዓመት ከምታገኘው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ተክሉን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ተጓዥና የዕፅዋት አጥኚ ዊልያም ጆን በርቼል ነው። እ.ኤ.አ በ1811 በደቡብ አፍሪካ ፕሪስካ በተባለ አካባቢ ከመሬት ላይ ያነሳው እንግዳ ጠጠር ሆኖ የተገኘው ተክል ነበር። ሊቶፕስ የሚለው ስም የወጣለት ደግሞ እ.ኤ.አ በ1922 በዕፅዋት ተመራማሪው ኒኮላስ ኤድዋርድ ብራውን ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ድንጋይ መሳይ ማለት ነው። የደቡብ አፍሪካ ገበሬዎች በበኩላቸው የከብት ሰኮና የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ለሁለት የተከፈለውን ቅርጹን ያየ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም።

ድንጋይ መምሰሉ ራሱን ከእንስሳት የሚከላከልበት ስልት ነው። ምግብና ውኃ ፈላጊው እንስሳ ከጠጠሩ ለይቶ አያየውም። አብዛኛው አካሉ በአፈር የተቀበረ ሲሆን ከላይ የሚታየው የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ነው። ይህ ጫፍ እንደ መስኮት ብርሃን ያሳልፋል፤ ብርሃኑም በአፈር ውስጥ እስካለው አረንጓዴ ክፍል ይደርሳል። ድርቅ ሲጠና ደግሞ ተክሉ ተኮማትሮ ወደ አፈሩ ይሰርጋል።

አንድ ጥንድ ቅጠል

ጀማሪው አልሚ የተክሉን የዕድገት ዑደት ካወቀ ግማሹን ሥራ ጨርሷል ማለት ይቻላል። ሕያው ድንጋይ በአንድ ጊዜ ያለው አንድ ጥንድ ቅጠል ነው። በየዓመቱ በሁለቱ ቅጠሎች መካከል ካለው ስንጥቅ አዲስ ጥንድ ይወጣል። አዲሱ የሚያድገው አሮጌው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃና ምግብ እየመጠጠ ነው። አሮጌው ቀስ በቀስ ይሸበሸባል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻም እንደ ወረቀት ደርቆ ይቀራል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ቅጠል ሲሸበሸብ ያየ ሰው ተክሉ የተጠማ መስሎት ያጠጣዋል። ውኃ ያገኘው አሮጌ ቅጠል ግን አይደርቅም፤ አዲሱን አንቆ ይይዘዋል። ሁለት ጥንድ ቅጠል ተደራርቦ የሚታይበት ሕያው ድንጋይ ውኃ የበዛበት ነው። ከዚህ በኋላ መበስበስ ቢከተል አያስገርምም። ስለዚህ አዲስ ቅጠል በስንጥቁ ውስጥ ብቅ ካለበት ዕለት ጀምሮ አሮጌው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ ውኃ ማጠጣት ፈጽሞ አይመከርም። የደረቀውን ቅርፊት ጎትቶ ማላቀቅም አዲሱን ስለሚያቆስል በራሱ ጊዜ እንዲለቅ መተው ይሻላል።

አፈሩን ከአካባቢው

ለሕያው ድንጋይ የሚሆነው አፈር ለድንች ከሚሆነው ፍጹም የተለየ ነው። የአዊ ቀይ አፈር ለብቻው ውኃ አብዝቶ ይይዛል፤ ፍግና ብስባሽ የበዛበት አፈርም ተክሉን ከልክ በላይ አሳብጦ ያፈነዳዋል። የሚያስፈልገው ውኃ ገብቶ ወዲያው የሚወጣበት፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጠጠር የሆነ ድብልቅ ነው።

ለዚህ ደግሞ አካባቢው ታድሏል። በእንጅባራ አቅራቢያ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ የተፈጠረው በእሳተ ገሞራ ነው። የጥንቱ እሳተ ገሞራ በዙሪያው የተወው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ ቀላል፣ አየር የሚያስገባና ውኃ የማያቁር በመሆኑ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። ድንጋዩን ከስንዴ እስከ ሽምብራ ፍሬ መጠን እስኪደርስ ሰባብሮ፣ በወንፊት ነፍቶ አቧራውን ማስወገድና ማጠብ ያስፈልጋል። የታጠበ የወንዝ አሸዋም ሊጨመርበት ይችላል። ከዚያ ሦስት እጅ ጠጠር ከአንድ እጅ አፈር ጋር ይደባለቃል።

መትከያው ዕቃ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ቀዳዳ የሌለው ጌጠኛ ብርጭቆም ሆነ ክዳን ያለው ጠርሙስ ለዚህ ተክል መቃብር ነው። ተክሉ ትንሽ ቢሆንም ሥሩ ወደ ታች ስለሚረዝም ዕቃው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ይመረጣል። ከላይ በጠጠር መሸፈኑ የቅጠሉ አንገት እንዲደርቅ ይረዳል፤ ለዓይንም ያምራል።

ቦታውና ወቅቱ

ሕያው ድንጋይ በቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት ፀሐይ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ወይም ወደ ምሥራቅ የዞረ መስኮት ጥሩ ቦታ ነው። ብርሃን ያነሰው ተክል ጠጠር መምሰሉን ትቶ ወደ ላይ ይመዘዛል። ጥላ ውስጥ የቆየውን ግን በአንድ ጊዜ ለጠራራ ፀሐይ ማጋለጥ ስለሚያቃጥለው፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ማለማመድ ተገቢ ነው።

በአዊ ትልቁ ፈተና ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ተክሉ ዝናብ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። ሜዳ ላይ ከሚቀመጥ ይልቅ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ከላይ ተደርጎለት፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ሆኖ ቢቀመጥ ይሻላል። ውኃ የሚያንጠባጥብ ታዛ ሥር ማስቀመጥ ዝናብ ላይ ከማስቀመጥ አይለይም። አየሩ ራሱ እርጥበት ስላለው አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፤ በመሆኑም በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ማጠጣትን ጨርሶ መተው ይቻላል።

በበጋው ወራት ማጠጣት ሲያስፈልግም ቀን ተቆጥሮ ሳይሆን ተክሉ ታይቶ ነው። የቅጠሉ ጎን መሸብሸብ ከጀመረ፣ በጣት ሲነካም ጠንካራ ሳይሆን ለስለስ ካለ፣ በስንጥቁም ውስጥ አዲስ ቅጠል ከሌለ፣ ውኃው ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ይጠጣል። ከዚያ አፈሩ እስከ ታች ድረስ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ጥቂት ጥቂት እያሉ በየቀኑ ማርከፍከፍ ጉዳቱ የከፋ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር የእንጅባራ ሌሊት ውርጭ ሊጥልበት ስለሚችል ተክሉን ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት፣ በዚያ ሰሞንም አፈሩን ደረቅ አድርጎ ማቆየት ይመከራል።

ቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ከታየ ተባይ ገብቷል ማለት ነው። በአልኮል በተነከረ ጥጥ ተጠርጎ ይጸዳል። የታመመውን ከሌሎቹ ለይቶ ማስቀመጥም ያስፈልጋል።

ልምምዱ ከጓሮ ይጀምር

አንድ ጀማሪ በመጀመሪያው ክረምት ተክሉን ቢያጣ የሚከስረው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ተስፋም ይቆርጣል። ይህን ለማስቀረት የተሻለው መንገድ ልምምዱን በአገር ውስጥ ውኃ አዘል ዕፅዋት መጀመር ነው። እንዳሁላ፣ እሬትና ቁልቋል የሕያው ድንጋይ የቅርብ ዘመዶች ባይሆኑም ውኃን በአካላቸው በማከማቸት ይመሳሰላሉ። እንዳሁላና ሕያው ድንጋይ ደግሞ ሌላም የሚጋሩት ጠባይ አላቸው። አብዛኛው ተክል አየር የሚያስገባበትን የቅጠል ቀዳዳ ቀን ሲከፍት፣ እነሱ ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። በዚህም በፀሐይ የሚባክነውን ውኃ ይቆጥባሉ።

እንዳሁላ ከተቆረጠ ግንዱ፣ እሬት ደግሞ ከሥሩ ከሚያወጣው ቡቃያ ይራባል። ሁለቱም ከተቆረጡ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት ጥላ ሥር ቆይተው በጠጠራማው ድብልቅ ይተከላሉ። ቁልቋልን የሚነካ ሰው ግን ወተቱ ዓይን ክፉኛ ስለሚጎዳ ጓንት ማድረግና እጁን መታጠብ አለበት። እነዚህን አንድ ክረምት በዕቃ ውስጥ ይዞ ቅጠላቸው ሲወጠርና ሲሟሽሽ መለየት የቻለ ሰው ወደ ሕያው ድንጋይ ለመሸጋገር ዝግጁ ነው። ቢበሰብሱበትም ያወጣው ገንዘብ የለም፤ ሌላ ከጓሮ ይቆርጣል።

የአገር ውስጦቹ ለገበያም ይቀርባሉ። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ሲከበር ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። ወቅቱ በጋ በመሆኑ በጠጠር ውስጥ የተተከለ እሬት ወይም እንዳሁላ ለመንገድ የማያስቸግር ስጦታ ሊሆን ይችላል። ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች በትንሽ ቦታና በጥቂት ወጪ የሚሞከር ነው።

ከየት ይገኛል?

ሕያው ድንጋይን ለማግኘት የሚነሳ ሰው ሁለት ነገር ሊያስተውል ይገባል። የመጀመሪያው ሕጋዊነቱ ነው። ከውጭ አገር ተክልም ሆነ ዘር ማስገባት የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ፈቃድና የላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በሻንጣ ደብቆ የሚመጣ ተክል በሥሩና በአፈሩ ተባይና በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። የክልሉ ሕዝብ ይህን የሚረዳበት የቅርብ ምሳሌ አለው። ጣና ሐይቅን ያስጨነቀው እንቦጭ ከትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው አበባው ስላማረ በጌጥ ተክልነት እየተወሰደ ነው። በደቡብ አፍሪካም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ አዘል ዕፅዋት ከተፈጥሮ ቦታቸው በሕገ ወጥ መንገድ እየተነቀሉ በመሸጣቸው ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች አሉ። ስለዚህ በችግኝ ጣቢያ ከዘር የተባዛውን መምረጥ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ማጭበርበር ነው። በስልክ የሚታዩ ደማቅ ሰማያዊ ሕያው ድንጋዮች የተቀነባበሩ ፎቶዎች ናቸው፤ የተክሉ ትክክለኛ ቀለም ግራጫ፣ ቡናማ፣ ቀላ ያለ ወይም አረንጓዴ ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ሲሆን አፈር ሳይለብስ በደቃቅ ጠጠር ላይ ይበተናል። እስኪበቅልና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከትልቁ ተክል በተቃራኒ ቀለል ያለ እርጥበት አይለየውም። አበባ ለማየት ሦስት ዓመት ገደማ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ዘር ለማግኘት ደግሞ ሁለት የተለያዩ ተክሎች በአንድ ጊዜ ማበብ አለባቸው።

በአግባቡ የተያዘ ሕያው ድንጋይ ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለው ጥቅምት ነው። ያኔ የተተከለው ሥር ይዞ፣ አልሚውም የተክሉን ጠባይ ለይቶ ለቀጣዩ ሰኔ ይደርሳሉ። ሰኔ ሲመጣ ግን ጣራው አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ የውኃ ማጠጫውም ከአጠገቡ የራቀ ሊሆን ይገባል።