ፉከራ በሳክስፎን፣ ሳክስፎኑም በፊልም

አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ዲ. ኤ. ፔኔቤከር ሙዚቀኛን በካሜራ መከተል በሁለት መንገድ እንደሚቻል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 ቦብ ዲላን እንግሊዝን እየዞረ ሲዘፍን፣ ከመድረክ ጀርባ፣ መኪና ውስጥና ሆቴል ክፍል ድረስ ተከተለው። በ1973 ደግሞ ዴቪድ ቦዊ ፊቱን ተቀብቶ፣ ልብስ እየቀያየረ፣ ዚጊ ስታርደስት የተባለ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የተጫወተበትን የለንደን ምሽት ቀረጸ። አንደኛው ፊልም ሰውየውን ያሳያል፤ ሌላው መድረኩን።

ባሶ ሊበን ውስጥ ባለችው በይጁቤ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና፣ ቦዊ እንዳደረገው ዘፈንን ከትያትር ጋር ማዋሃድ ለእኔ እንግዳ ጥበብ አይደለም። በእኛ በባሶ ሊበን ሠርግ ሽለላው ሲሞቅ ፎካሪው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዱላውን ጨብጦ፣ «ዘራፍ!» ብሎ መሀል ይገባል። ይንጎራደዳል፤ የአባቶቹን ስም እየጠራ ጀግንነታቸውን ይዘረዝራል። ሸላዮቹ ያነሳሱታል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ድምፅ፣ አለባበስ፣ እርምጃና ተመልካች ካልተገናኙ ፉከራ ፉከራ አይሆንም።

ይህንን ሁሉ ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት ተወልዶ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫውቷል። የፎካሪውን የጉሮሮ ንዝረት፣ ቁጣውንና ድንገተኛ ጩኸቱን በትንፋሹ አወጣው። በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ፓንክ ሮክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ወደ አምስተርዳም ጋበዘው። ከዚያ በኋላ «አጅቡኝ» ብሎ የጠየቃቸው እሱ ራሱ ነው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ፤ አብረው አውሮፓን ዞሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ዮርክ በሊንከን ሴንተር ተጫወቱ። ሰባ ዓመት ያለፈው አባት ጎፈር ደፍቶ፣ ካባ ደርቦ መድረክ ይወጣ ነበር።

ኮንሰርታቸው ፈረንሳይ ውስጥ ተቀርጾ በዲቪዲ ወጥቷል። የእነዚያ ነጮች ጊታር ለጌታቸው ጌጥ አልነበረም። ሸላዮቹ ለፎካሪው የሚያደርጉትን ነው ያደረገለት፤ ያነሳሳዋል፣ ይቀበለዋል፣ እንደገና ይገፋዋል። ሮክና ፉከራ የተግባቡት ሁለቱም ሰውን ከተቀመጠበት የሚያስነሱ ስለሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጌታቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 2008 ዓ.ም. አረፈ። አልበሞቹ ድምፁን አቆይተውልናል፤ አቋሙን፣ አለባበሱንና የሕዝቡን ምላሽ ግን ሊያቆይልን የሚችለው ፊልም ብቻ ነው። ያንን ለጌታቸው ያደረጉለት የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። ለገጠር ፎካሪዎቻችን ማን ያድርግላቸው?

መልሱ ቅርብ ነው። ይጁቤም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሠርግ የምትቀርጹ ወንድሞችና እህቶች፣ ፎካሪ ሲነሳ ካሜራችሁን ወደ እሱ አዙሩ። ፊቱን ብቻ ሳይሆን እግሩንም፣ የሚቀበለውንም ሕዝብ ያዙ። ሳትቆርጡ ቅረጹ፤ ስታቀናብሩም ሌላ ዘፈን አትጫኑበት። በሌላ ቀን ደግሞ ቤቱ ሂዱና ፉከራውን ከማን እንደተማረ ጠይቁት። ቅጂውን ለእሱና ለልጆቹ ስጡ፤ አንዱንም ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አድርሱ። ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ ይህን ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው።